ከምሰሶው ሥር የበቀለ እንጉዳይ

ይድረስ ለወልዴ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ ብዬ ልጀምር ነበር። ቀበሌ አዳራሽ ፊደል ያስቆጠረችን ልጅ ደብዳቤ ሁሉ በዚህ ይጀመራል ብላናለች። ለሞተ ሰው ሲጻፍ ምን እንደሚባል ግን አላስተማረችንም፤ እኔም አልጠየቅኳትም። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬዋለሁ። አንተም ብትሆን በሕይወት ሳለህ ሰላምታ አታበዛም ነበር። አጠና ተራ ግንድ ስትሰነጥቅ ውለህ ስትመጣ በሩን በትከሻህ ገፍተህ «አለሽ?» ነበር የምትለኝ። ይኸው አለሁ።

ከተለያየን ዓመት ከአምስት ወር ሆነን። ግንቦት ላይ ነው የቀበርንህ፤ አንድ ግንቦት አልፎ አሁን ጥቅምት ገብቷል። አርባህን አውጥቻለሁ፣ ሙት ዓመትህንም አቅሜ እንደፈቀደ አስቤአለሁ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ወረቀት አንስቼ አልጻፍኩልህም። ዛሬ የምጽፍልህ ናፍቆት ብቻ ይዞኝ እንዳይመስልህ። ተናድጄብህ ነው። በሕይወት ብትኖር በር ዘግቼ እስኪበቃኝ እጮህብህ ነበር፤ የምጮህበት ሰው ስለሌለኝ በወረቀት መጣሁ።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርህ። ግድግዳ የምትጋራን ዘይነባ ደህና ናት። ጠዋት በግድግዳው በኩል ትስላለች፣ እኔም እስላለሁ፤ ደህና አደርሽ መባባላችን ነው። ሁለተኛዋን ልጇን ድራለች። ኅብረት ሱቅ ስኳር ካየን ሁለት ወር አለፈን። ከጭድ ተራ የሚመጣው ንፋስ አሁንም ገለባውን በራችን ላይ ያራግፋል፣ እኔም እየተሳደብኩ እጠርጋለሁ። አንተ እያለህ የቀበሌው ሰዎች በግድግዳችን ጥግ የቆፈሩት ቦይ እስከዛሬ አልተደፈነም። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው ከቤታችን ሥር ይገባና ወለሉ እንደ ሊጥ ይለሰልሳል። በዚህ የተነሣ ቤቱ ወደ ዘይነባ በኩል ዘንበል ብሎ ነበር። በሩ ሳይገፉት ይከፈታል፣ ሲገፉት ደግሞ አይዘጋም።

ይኼን ሁሉ የምዘባርቀው ምሰሶው ላይ ለመድረስ ነው።

ቤቱን ስትሠራ ሁሉም ስቀውብህ ነበር። የመርካቶ ጭቃ ቤት፣ አንድ ክፍል ከነጓዳው፣ ምን ምሰሶ ያስፈልገዋል አሉህ። አንተ ግን በእኛ አገር መሐሉ ምሰሶ የሌለው ቤት ቤት አይባልም ብለህ ያን ቀይ ጽድ ከየትም አምጥተህ፣ በትከሻህ ተሸክመህ አስገባኸውና መሐል ላይ ተከልከው። እኔ ያኔ ገና ሙሽራ ነኝ። አልጋ ልዘርጋ ስል እሱ አለ፣ ጠረጴዛ ላስቀምጥ ስል እሱ አለ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በግንባሬ ስገጨው ኖርኩ። አንድያ ልጃችን ብርሃኑም ዳዴ ብሎ መጀመሪያ የቆመው እሱን ይዞ ነው። በኋላ አዋጁ ወጥቶ ቤቱ የቀበሌ ነው ሲባል፣ ቤቱን ውሰዱ ምሰሶው ግን የእኔ ነው ብለህ ሰዎቹን አሳቅሃቸው።

ብርሃኑ ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሲሄድ ደግሞ የእናትህን ሕግ አወጣህ። የምሰሶው እግር ያኔም በቦዩ ውሃ ቆዳው መላላት ጀምሮ ነበር። ልቡ ግን ጽድ ነው፣ ጽድ አይበሰብስም፣ ምስጥም አይደፍረውም ትል ነበር። ያም ሆኖ እግሩን ልትቀይረው መጋዝህን ስለህ አዘጋጅተህ ነበር። ልጁ በወጣ ማግሥት መጋዙን መልሰህ ሰቀልከው። ከቤት የወጣ ሰው ሳይመለስ ምሰሶ አይነካም፤ ከተነካ መንገደኛው መመለሻው ይጠፋዋል አልከኝ። እናትህ የነገረችህ ነው። እኔ የሰላሌ ሰው ነኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ግን የልጅ ነገር ሲሆን ማን ይከራከራል? እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሰሶው ላይ ነጠላ እንኳ መስቀል ተውኩ።

በየእሑዱ ከቅዳሴ ስንመለስ ከምሰሶው ሥር ትንበረከካለህ። በመዶሻህ እጀታ ታንኳኳና ጆሮህን ትለጥፋለህ። ሐኪም ሆንክ እንዴ እያልኩ እስቅብሃለሁ። ደኅና እንጨት ሲመታ ይጮኻል፣ የበሰበሰ እንጨት ግን ድምፁን ይውጣል ብለህ አስተማርከኝ። ከዚያ አቧራህን እያራገፍክ ትነሣና «ይጠብቀዋል» ትላለህ። እኔ ያንን ቃል ይዤ ነበር ሳምንቱን የምገፋው። ከማሠልጠኛው የመጣችው አንዲቷ ደብዳቤም ትዝ ትለኛለች። ማንንም ሳልለምን ራሴ አነበብኳት። አባዬ ምሰሶውን አደራ፣ እናቴ ግንባሯን የምትገጭበት ነገር እንዳታጣ ብሎ ነበር። ሦስቴ አስነበብከኝ፤ በሦስተኛው ተነሥተህ ወጣህ። ከዚያች በኋላ ሌላ አልመጣም።

በሁለተኛው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ቁልቢ ሄድኩ። ልጄን ካመጣህልኝ ጥላ አገባለሁ ብዬ ለገብርኤል ተሳልኩ። ደርሶ መልስ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። ስመለስ ቤቱ ተለስኖ ጠበቀኝ። ግድግዳው፣ የምድጃው ዙሪያ፣ የምሰሶውም እግር እስከ ጉልበት ድረስ በጭድ ጭቃ ተመርጎ ነበር። የገና በዓል ስለደረሰ ነው፣ ሸሪፍም አግዞኛል አልከኝ። ሸሪፍ እንግዲህ አብሮህ ሃያ ዓመት መጋዝ የሳበ፣ አንተ በአንድ ጫፍ እሱ በአንድ ጫፍ የኖራችሁ ጓደኛህ ነው። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። የልጁን መምጫ ሰምቶ ነው ቤት የሚያሳምረው ብዬ ጭቃ የደረቀበት እጅህን ሳምኩ። ፊትህን ወደ ግድግዳው አዞርክ። ደክሞህ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ማንኳኳት ተውክ። እሑድ መጥቶ እሑድ ይሄዳል፤ መዶሻው ከተሰቀለበት አይወርድም። ስጠይቅህ ደረቴን ያመኛል፣ መንበርከክ አልቻልኩም አልክ። ደረትህ እውነትም ታሞ ነበርና አመንኩህ። ሌሊት ሌሊት ስታስል ዘይነባ እንኳ በግድግዳው በኩል አይዞህ ትልህ ነበር። ፋሲካን እንደምንም ተቀምጠህ ዋልክ። ግንቦት ላይ ሄድክ።

አንተ በሞትክበት ክረምት ምንም ነገር አልነበረም። በዚህ ባለፈው ሐምሌ ላይ ግን ጀመረው። መጀመሪያ የመጣው ዱቄት ነው። ጠዋት ስጠርግ ከምሰሶው ሥር እንደ በሶ የደቀቀ ዱቄት አገኛለሁ፤ ጠርጌ ውሃ ቀድቼ ስመለስ ሌላ ይጠብቀኛል። ነቀዝ ነው። አንተ እንደምታደርገው ጆሮዬን ሳስጠጋ ውስጡን ሲቆረጥም ይሰማኛል። ቀጥላ ምስጥ መጣች። በልስኑ ላይ እንደ ክር የቀጠነች የጭቃ መንገዷን ሠርታ ሽቅብ ወጣች። አመድ ነሰነስኩባት፣ ከፋኖሱ የተረፈች ነጭ ጋዝ አፈሰስኩባት። እሷ ስትሄድ ደግሞ እነዚያ ሲነኳቸው እንደ ምስር ድብልብል የሚሉት ግራጫ ነገሮች መጡ። መቶ እግር መጣ። ራሳቸው ጥቁር፣ ሰውነታቸው ነጭ የሆነ ትንንሽ ትሎች ከልስኑ ስንጥቅ ውስጥ ወለሉ ላይ እየወደቁ ይላወሳሉ። አንተ ሰው፣ ብቻዬን የምኖር መስሎኝ ነበር እኮ፤ ለካ ቤቱ ሙሉ ነው። ልስኑን ፍቄ ውስጡን ልየው እልና ሕግህ ትዝ ሲለኝ እጄን እሰበስባለሁ።

ፍልሰታ እንደገባ በስንጥቁ በኩል ነጭ ነገር ብቅ አለ። ኖራ መሰለኝ። በሦስተኛው ቀን እንጉዳይ ሆነ። ያ ልጆች የጅብ ጥላ የሚሉት ዓይነት ባለ እግር እንዳይመስልህ፤ ይኼ ከእንጨቱ ላይ በጎኑ የሚወጣ ነው። ከላይ ቡናማ፣ ከታች ነጭ፣ የሕፃን ጆሮ የሚያህል፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ። ሲዳስሱት እንደ ቆዳ ነው፤ ሽታው ዝናብ የመታው አፈር ይመስላል። ዘይነባ አይታው በእነሱ አገር እንዲህ ያለው በቅቤ ተጠብሶ እንደሚበላ ነገረችኝና ድስት ላምጣ አለችኝ። በጾም ቅቤ ትይኛለሽ ብዬ አባረርኳት። እውነቱን ለመናገር ያባረርኳት ለጾሙ ብዬ አይደለም።

ወልዴ፣ ጽድ አይበሰብስም ያልከኝ አንተ ነህ። ታዲያ ከሃያ ዓመት በላይ የደረቀ ጽድ ቤት ውስጥ ቆሞ ሲያበቅል ሳይ ምን ልበል? የአሮን በትር ሳይተክሏት፣ ሳያጠጧት አይደለም ወይ ያበበችው? ያውም በእመቤታችን ጾም። ልጁ በሕይወት አለ፣ ሊመጣ ነው፣ ይኼ ምልክቱ ነው አልኩ። አመዱን ጠራርጌ አነሣሁ። ነጭ ጋዙን ተውኩ። ከቤተ ክርስቲያን ያመጣሁትን ጸበል በየጠዋቱ እረጭበት ጀመር። እንጉዳዩም ጸበል እየጠጣ ተፋፋ። እነዚያ እንደ ምስር የሚጠቀለሉትንም መግደል አቆምኩ፤ ልጄን ይዘውልኝ የሚመጡ ይመስል እያለፍኳቸው መሄድ ጀመርኩ። ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ እንዲህ ተስፋ አድርጌ አላውቅም። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ግን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

መስከረም ላይ ጣሪያው መንቋቋት ጀመረ። የቀበሌው የቤቶች ሠራተኛ መጥቶ አየና አውራ ጣቱን በእንጉዳዩ አጠገብ ጫን ቢያደርግ ጣቱ ገባ። በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ካልተቀየረ ቤቱ ይታሸጋል አለኝ። ልጄ ዘመቻ ላይ ነው፣ እስኪመለስ ታገሡኝ ብዬ ብለምነው፣ «እናቴ፣ የሁሉም ልጅ ዘመቻ ላይ ነው» አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ደክሞት ነው። ቦዩን ስለ መድፈን ሳነሣበት ግን ወረቀቱን ሰብስቦ ወጣ።

ወደ ሸሪፍ ላክሁ። ሌላ ማንም እንዲነካብህ አልፈለግኩም፤ ወይ ያለ መንካት የሚደገፍበትን ዘዴ እሱ ያውቃል ብዬ ነው። አልመጣም። መጀመሪያ ጉንፋን ይዞኛል አለ፣ ቀጥሎ መጋዙ ተሰብሯል አለ። በሦስተኛው ጊዜ ራሴ አጠና ተራ ሄድኩ። ከሩቅ ሲያየኝ ከአጠናው ቁልል ጀርባ ዞረ። አልሸሹም ዞር አሉ አልኩ በሆዴ። በቀብርህ ከሁሉ በላይ ያለቀሰው እሱ ነው፤ ባለቤትህን ሲያይ የሚደበቀው ምን ቢያጠፋ ነው ብዬ እየተብከነከንኩ ተመለስኩ።

በማግሥቱ እሑድ ነበር። ከቅዳሴ መጥቼ መዶሻህን አወረድኩ። እንዳንተ ተንበረከኩ። ከላይ ከወገቤ ከፍታ ጀመርኩ፤ ጽዱ ጮኸ። ወደ ታች እያንኳኳሁ መጣሁ፣ ይጮኻል። ጉልበቴ ጋ ስደርስ ድምፁን ባንድ ጊዜ ዋጠው። ቀስ እያለ የደከመ ድምፅ አልነበረም፤ እዚህ ይጮኻል፣ ከጣት ወርድ በታች ዝም ይላል። ግራ ገባኝና ደግሜ ጠንከር አድርጌ መታሁት። የልስኑ ቁራጭ ከነእንጉዳዩ ተገንጥሎ ወደቀ።

ውስጡ የተባዘተ ጥጥ የመሰለ ነጭ ድር ሞልቶታል። ድሩ ውስጥ ትሎቹ አሉ፣ ምስሮቹ አሉ፣ ክንፍ ያላወጡ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ብርሃን ሲያገኛቸው ወዲያ ወዲህ ተራወጡ። ሁሉንም በእጄ ጠረግኳቸው። ከሥራቸው መስመር አገኘሁ። ምሰሶውን ዙሪያውን የሚዞር፣ ቀጥ ያለ መስመር። ከመስመሩ በላይ ቀዩ ጽድህ ነው። ከመስመሩ በታች ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፣ እንደ ዳቦ እየተፈረፈረ። ሁለቱ ምን አለሽ ተራ በሚገኘው ዓይነት የዘይት ጣሳ ቁራጭ ተይዘው፣ በምስማር ተቸንክረዋል። ምስጥ ብዙ ነገር ታደርጋለች፣ በመጋዝ ግን አትቆርጥም።

 ማንም ምንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ጽዱ አላበቀለም። ያበቀለው ከሥሩ የተቀጠለው እንጨት ነው። አንተ ምሰሶውን ነክተሃል። ልጅህ ይመለሳል ብለህ እያሰብክ ደግሞ ያን ምሰሶ የምትነካ ሰው አይደለህም፤ ጣሪያው በራስህ ላይ ቢወርድ አትነካውም። ስለዚህ የቆረጥከው የምትጠብቀው ሰው እንደሌለ ስላወቅህ ነው።

እጄን ሳልታጠብ ወደ እህል በረንዳ፣ ወደ ሸሪፍ ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈተልኝ እሱ ነው። እጄ ላይ ያለውን ጭቃና ድር አየና ደፉ ላይ ቁጭ አለ። «እትዬ አስካለ» አለኝ፣ «በመሐላ ታስሬ ነው።»

ከዚያ ነገረኝ። እኔ ቁልቢ ሳለሁ ክራንች የያዘ ወታደር አጠና ተራ መጥቶ የብርሃኑን አባት ብሎ ጠየቀ። ከልጁ ጋር አንድ ጓድ ውስጥ ነበር፤ አፈር ያለበስኩት እኔ ነኝ አለህ። መቼ ብትለው ቀኑን አያውቀውም፣ ዝናብ ነበር ብቻ አለ።  በእጃችሁ የነበረውን ግንድ እስከ መጨረሻው ስባችሁ ጨረሳችሁ። ከዚያ መጋዙን ይዘህ ወደ ቤት ሄድክ፣ ሸሪፍም ተከተለህ። የልጅህን ምሰሶ ራስህ ቆረጥከው።

ቆይ ደረቅ እንጨት ይገኝ ብሎ ለምኖህ ነበር አለኝ። አንተ ግን ከእንግዲህ የምጠብቀው የለኝም፣ ጣሪያው በእሷ ላይ እንዳይወርድ ብቻ ነው የምፈልገው አልክ። በአጠና ተራው ግቢ የተገኘው ያን ሳምንት የተቆረጠ ርጥብ ባሕር ዛፍ ነው። የሚቀበር እንጨት እግሩ በእሳት ይለበለባል፣ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ ለሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር የምትሠራው። ለራስህ ቤት ይኼን አላደረግህም። ጭሱና የዘይቱ ሽታ ለእኔ እንዳይናገርብህ ፈርተህ ነው። ለጊዜው ነው፣ ከፋሲካ በኋላ በደረቅ እንቀይረዋለን፣ መርዶውንም ያኔ እናረዳታለን አልከው። ገና እንዳለፈ ሁዳዴ ነው፣ በጾም የተጎዳ አንጀቷ አይችልም፣ ትፈስክና ትስማ አልክ። ፋሲካ ሲወጣ ግን አንተ አልጋ ላይ ነበርክ። ሸሪፍም በአንተ ሐዘን ላይ የልጁን አልጨምርባትም ብሎ ለአርባው አቆየው፣ ከአርባው ለሙት ዓመቱ፣ እንዲህ እያለ እኔን ሲያይ መደበቅ ጀመረ።

አየህ ወልዴ፣ የዚህን ያህል ደግ መሆንህን አውቃለሁ። ቤቱ እንዳይወድቅብኝ ብለህ ነው። ግን ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት አምስት ወር ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠሃል። ለብርሃኑ ጋቢ የሚሆን ፈትል ስፈትል ጥጡን ያባዘትክልኝ አንተ ነህ። ሲመጣ ይበርደዋል፣ ወፍራም ይሁን ስልህ ወፍራም ይሁን አልከኝ። እንዴት ቻልክ? ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እያልክ ስንቱን ጎረቤት ያስታረቅህ ሰው፣ የእኔን ብቻ አደረቅኸው። አብረን ብናለቅስ ምን ነበረበት? ደረትህንስ የበላው የመጋዝ ብናኝ ነው ወይስ ይኼ? ይኼንን ባሰብኩ ቁጥር ንዴቴ ይሄድና ሌላ ነገር ይመጣብኛል፤ እሱ ደግሞ ከንዴቱ ይብሳል።

ሸሪፍ ሽማግሎች ላምጣ አለኝ። አውቄዋለሁ ምን ያደርጋሉ ልለው ነበር፣ ተውኩት። ልጄ ያለ መርዶ አይቀርም። ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ መጡ፤ የንስሐ አባታችን፣ የእድራችን ዳኛ፣ ሸሪፍ፣ ከኋላቸው ዘይነባ። እንደማላውቅ ሰው በሩን ከፍቼ እንኳን ደህና መጣችሁ አልኳቸው። ቄሱ ገና «አስካለ፣ ልጅሽ ብርሃኑ…» ሲሉ ወደቅኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሳውቀው የቆየሁት ነገር ከሰው አፍ ሲወጣ አዲስ ሆነብኝ። ዘይነባ ከመሬት አነሣችኝ።

ድንኳን ለመትከል ቀበሌ ፈቃድ ጠየቅን። ሠራዊቱ ሞተ ብሎ ላልጻፈው ሰው ድንኳን አይተከልም፣ በሕይወት ያለ ወታደር ማልቀስ ወሬ መንዛት ነው ተባልን። እድሩም ያለ ወረቀት እጁ ታሰረ። ስለዚህ ለቀስተኛ ሁለት ሁለት እየሆነ፣ የታመመ የሚጠይቅ መስሎ መጣ። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን አለቀስን። ከሁሉ ያንገበገበኝ እሱ ነው፤ ልጄን ጮኼ እንኳ አላለቀስኩለትም።

ምሰሶውን ሸሪፍ ቀየረው። ቁረጠው ያልኩት እኔ ነኝ። ደረቅ እንጨት ፈልጎ አመጣ፣ እግሩን በደጅ ለበለበው፣ የተቃጠለ ዘይት ሁለት ጊዜ ቀባው። ምንም የምንደብቀው ስላልነበረ ሰፈሩ ሁሉ ጭሱን አየ። አሁን ቤቱ ቀጥ ብሏል። በሩ ያለ ድምፅ ይከፈታል፣ ሲገፉትም ይዘጋል። የምጠብቀው ሰው ሲያልቅ በሩ ተስተካከለልኝ። የበሰበሰውን እግር ማገዶ ላደርገው ሞከርኩ፤ እንፋሎት ብቻ እያወጣ አልነድም አለ። ቦዩ ዳር ጣልኩት። ትናንት ሳየው እንጉዳዩ እንደገና አውጥቷል፣ ትሎቹም እንዳሉ ናቸው። እኔ ልጅ ባጣሁበት እንጨት እነሱ ልጅ ያሳድጋሉ። አልረገጥኳቸውም፣ ጸበልም አልረጨሁባቸውም።

ወልድዬ፣ ከእንግዲህ የምነግርህ ብዙ የለኝም። ተስፋ የሚባለውን ነገር በዚያ ክረምት ጨርሼዋለሁ። ጋቢው ተሸምኖ ካለቀ ቆይቷል፣ ለክራንቹ ወታደር እንዲሰጥልኝ ለሸሪፍ ሰጠሁት፤ አፈር ላለበሰልኝ ሌላ የምከፍለው አልነበረኝም። የቁልቢን ስለት ግን አላገባም። ገብርኤል እንደሆነ ይታዘበኝ።

አንድ የቸገረኝ ነገር አለ። ለብርሃኑ አርባ የማወጣበት፣ ሙት ዓመት የማስብበት ቀን የለኝም። ወታደሩ የሰጠን ዝናብ ብቻ ነው፤ ክረምት ደግሞ ሦስት ወር ነው። ቄሱን ብጠይቃቸው ቀኑ ካልታወቀ የፈለግሽውን ቀን ስጪው አሉኝ። ብዙ አሰብኩበት። ከዓመቱ ቀን ሁሉ የእኔ ነው የምለው ያንተ ቀን ብቻ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ያንተን ሰጠሁት። እኔ እስካለሁ ድረስ ግንቦት በመጣ ቁጥር ሁለታችሁንም አስባለሁ፤ ስማችሁን በአንድ ወረቀት፣ በራሴ እጅ ጽፌ ለቅዳሴው አስገባለሁ። የእሱ ስም ይቀድማል፣ ያንተ ይከተላል። እስኪጠራልህ ድረስ ትንሽ ትጠብቃለህ። እኔም ጠብቄአለሁ።

አስካለ